የአልነሳም ታሪክ በአንድ ገጽ

ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣልኝ፣
ማኅተሙ ያልደረቀ፣ «አስቸኳይ» የሚልኝ።
«የጎጣችሁን ታሪክ በአንድ ገጽ አዘጋጅ፣
ቅጹን ሞልተህ አድርስ፣ እስከ ዓርብ፣ በእጅ።»
ጥያቄው ሦስት ነው፦ መቼ ተመሠረተ፣
በምን ይታወቃል፣ ማንን አበረከተ።

ከሐረጎ ጥምዝምዝ፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ፣
ቦርከናን የሚያይ፣ ከገደል ጫፍ ተንጠልጥሎ፣
አርባ ሰባት ጭስ ነው፣ ቢቆጠር ተጠቃሎ።
አንድ ወፍጮ፣ አንድ ዋርካ፣ መስጊድ ከደብር ጎረቤት፣
መኪና በጣለው ቸርኬ የሚደወል ትምህርት ቤት።
ስሙ አልነሳም ነው።
ካርታ ላይ የለም፤ ፈልጌዋለሁ፣
በአጉሊ መነጽር ሳይቀር አይቻለሁ።

መጀመሪያ ሼህ ቡሽራ ዘንድ ሄድኩ፣ ከደጃቸው፤
ዓመቱን ስጠይቅ ሳቅ ነው የቀደማቸው።
«አንድ ነጋዴ ነበር፣ ከአፋር ጨው የጫነ፣
ደሴ ገበያ ሊደርስ ሰኞን የተማመነ።
በቅሎው እዚህ ተኛች። ገፋት፣ ለመናት፣ ተቆጣ፤
ጆሮዋም አልነቃነቀ፣ ጭራዋም ዝንብ አልቀጣ።
'አልነሳም' ያለች መሰለው።
ሌሊቱን ዝናብ ወረደ፣ ጨዉ ከነጭነቱ ሟሟ፤
ሲነጋ ነጋዴው ድሃ፣ በቅሎዋ ሣር ትግጣለች ቆማ።
ምን ያድርግ? ጎጆ ቀለሰ፣ ከአፈሩ ጋር ታረቀ።
አገራችን እንዲህ ነው ልጄ፣ ጨው ሲሟሟ የጸደቀ።»

ይህን ጽፌ ስወርድ፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል
ከአጥር ማዶ ጠሩኝ፦ «ሼሁ ዛሬም ዋሽተውሃል!
የምን በቅሎ፣ የምን ጨው! ሴት ናት ያቀናችው፣
ዱላው የመረራት፣ ባሏን ጥላ የሸሸችው።
ሽማግሌ ተልኮ ሊመልሳት ቢመጣ፣
ድንጋይ ላይ ተቀምጣ 'አልነሳም' አለች በቁጣ።
ሦስት ቀን ለመኗት። በአራተኛው መሸባቸው፤
እሳት አንድዳ፣ ንፍሮ ቀቅላ፣ እሷው አሳደረቻቸው።
አንዱም ሳይመለስ ቀረ።» ሳቁ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፤
«ከዚያ ሽማግሌ ነው የእኔ ዘር፣ የምናገረው አውቄ ነው።»

ሁለት ድንጋይ አሳዩኝ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን።
ሁለቱም ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱም ይቀዘቅዛሉ።

ጣልያን መንገድ ሲጠርብ፣ መሐንዲሱ ለክቶ
ከዋርካው ሥር ችካል ተከለ፣ ቀይ ጨርቅ በጫፉ ዘርግቶ።
ሌሊት ማን እንደነቀለው እስከ ዛሬ አይነገርም፤
አርባ እርምጃ ርቆ አደረ፣ ሰውዬው አላስተዋለም።
አስፋልቱ እዚያ ጋ ያለ ምክንያት የሚታጠፈው
በዚህ ነው፤ ሾፌር ሁሉ ግን መሐንዲሱን ነው የሚራገመው።

ሰባ ሰባትን ስጠይቅ ሁሉም ወደ ወፍጮው አዩ።
«ሁለት ዓመት አልዞረም» አሉ።
ሌላ አልጨመሩም። እኔም መስመሩን ባዶ ተውኩ።

ከእድሩ ሣጥን ግን አንድ መዝገብ ወጣ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ ቀለሙ የነጣ።
«ሐምሌ ሃምሳ ስምንት። የሼህ ቡሽራ አባት ቀብር።
ደመላሽ ወርቁ፣ ሲቆፍር፣
ድንጋይ መትቶ የማኅበሩን አካፋ ሰበረ።
ሁለት ብር ይክፈል።»
ከጎኑ «ከፈለ» የሚል የለም፤ ባዶውን ነው የቀረ።
ደመላሽ አያቴ ነው።

ማታ ከዋርካው ሥር ሆኜ ኮምቦልቻን ቁልቁል አየሁ፣
የጨርቃ ጨርቁን መብራት በጣቴ ቆጠርኩ፣ ተውሁ።
እህቴ እዚያ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ።
ቅጹን በስልኬ ብርሃን ሞላሁ፦

መቼ? ጨው የሟሟ ለት፣ ወይም ሴትዮዋ የተቀመጠች ለት።
በምን? በመንገዱ ክርን።
ማንን?
እዚህ ጋ ቀለም አለቀብኝ።

በሳምንቱ ተመለሰ። በቀይ እስክሪብቶ፦
«ማስረጃ ይያያዝ።»

የእድሩ ገንዘብ ያዥ ዘንድ ሄጄ ሁለት ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።
ግራ ገብቶት አየኝ፣ ደረሰኙን ገለጠ፤
«ስለ ምን ልበል?» አለ።
«ስለ አካፋ» አልኩት።
ጻፈ። ፈረመ። ቆረጠ።
እሱን አያይዤ ላክሁ።